የሳንባ ምች በላስታ ደጋ፦ የሰውነት መልእክተኞች የሚያድኑበትና የሚጎዱበት ሰዓት

በሳንባ ምች የሞተን ሰው የገደለው ባክቴሪያው ነው ወይስ የገዛ ሰውነቱ ቁጣ? ጥያቄው ለቤተ ሙከራ ሰዎች የተተወ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ላሊበላ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለተኛ ሕፃን፣ ወይም ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ በቃሬዛ ተሸክመው ላወረዷቸው አዛውንት ምን ይሰጥ፣ ምንስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው መልሱ ነው። በዚህ ዳሰሳ ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት የተጠናውን፣ በተለይም በአገራችን የተሠራውን፣ ከላስታ ሰው ኑሮ ጋር አያይዤ አየዋለሁ።

የጉዳዩ ማዕከል ሳይቶካይን የሚባሉት ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። የበሽታ መከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በእነዚህ መልእክተኞች ነው። ጥናቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው የታየኝን አስቀድሜ ልናገር፦ እነዚህን ሞለኪውሎች ወዳጅ ወይም ጠላት ብሎ መፈረጅ አያዋጣም፤ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጎደሉበት ሰው ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ አልበርድ ያሉበትም ይሞታል። ላስታ ላይ ደግሞ ያንን ሰዓት የሚወስኑት የመንገዱ ርቀት፣ የቦታው ከፍታ፣ የምድጃው ጭስና የጓዳው ሙላት ናቸው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ 4,200 ሜትርን ያልፋል፤ በመካከላቸው ገብስና ባቄላ የሚዘራባቸው፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ የሚወርድባቸው ቀበሌዎች ተበትነዋል። የገጠሩ ቤት ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ የለም። በብዙ ቤት ሰውም፣ ከብትም፣ ምድጃም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ እንደታዘለ እንጀራው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል፤ ዓይኑን የሚያስለቅሰው ጭስ ሳንባውም ውስጥ ይገባል። የገና ሰሞን ደግሞ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ምእመን ከተማዋን ሞልቶ ሜዳ ላይና በየድንኳኑ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ያድራል። በማሜ ጋራ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ የሚታየው ሕዝብ ዓይን የሚሞላ በረከት ነው፤ ለሳልና ለጉንፋን ተሕዋስያንም ከሰው ወደ ሰው መሻገሪያ ነው። ኒሞኮከስ የሚባለው ዋናው የሳንባ ምች ባክቴሪያ በጤነኛ ሰው፣ በተለይ በሕፃናት፣ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራልና።

ይህ ባክቴሪያ ከጉሮሮ ወርዶ የሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እዚያው ሰፍሮ የሚኖረውን ማክሮፌጅ የተባለ ሴል ነው። የገባው ጥቂት ከሆነ ማክሮፌጁ ውጦ ይጨርሰዋል፤ ሰውየው መታመሙንም አያውቅም። ሲበዛበት ግን የማክሮፌጁ ተቀባዮች የባክቴሪያውን ግድግዳ ይለዩና መልእክት ማሰራጨት ይጀምራል። ኒሞላይሲን የተባለው የባክቴሪያው መርዝ የሴሎችን ሽፋን እየበሳ ሲያቆስል ደግሞ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የሚባለው መልእክተኛ ይለቀቃል። ቲኤንኤፍ-አልፋ (ባጭሩ ቲኤንኤፍ) የተባለው ሌላው መልእክተኛ በአካባቢው ያሉትን የደም ሥሮች ግድግዳ የሚያጣብቅና የሚያሳልፍ ያደርገዋል፤ ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ተይዘው ወደ ሳንባው እንዲሻገሩ ማለት ነው። ኢንተርሉኪን-8 ኒውትሮፊል የተባሉትን ሴሎች ወደ ቦታው ይስባቸዋል። ጂ-ሲኤስኤፍ የሚባለው ወደ አጥንት መቅኔ ሄዶ ተጨማሪ ኒውትሮፊል እንዲመረት ያደርጋል። ኢንተርሉኪን-6 ጉበትን ይቀሰቅሳል፤ ጉበትም ሐኪሞች ዛሬ በደም ምርመራ የሚለኩትን ሲአርፒ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል። ሲአርፒ ራሱ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም፣ በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ነበር።

እነዚሁ መልእክተኞች አንጎል ሲደርሱ ትኩሳቱ ይነሣል፤ ብርድ ብርድ ይላል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ብቻ ይመኛል። እናቶች ‘ልጄ ጡት አልይዝ አለኝ’ ብለው ወደ ጤና ኬላ የሚመጡበት ምልክት የሳይቶካይን ሥራም አለበት። ጎን ላይ የሚሰማው ውጋት እብጠቱ ወደ ሳንባው ሽፋን ሲደርስ የሚመጣ ነው።

የሣር ክዳን ቤት በበዛበት መንደር እሳት ሲነሣ የሚሆነውን እናስብ። መጀመሪያ ያየው ኡኡ ይላል፤ ጎረቤት ውኃና እርጥብ ቅጠል ይዞ ይሮጣል፤ እሳቱ ወደ ቀጣዩ ቤት እንዳይዘልም ሣሩን ከጣሪያው ላይ ይገፍፋል። ጩኸቱ ባይሰማ መንደሩ ይነድዳል። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ጩኸቱ ካላቆመ ግን የመጣው ሰው ደህናውን ጣሪያ ሁሉ ይገፍፈዋል። በሳንባም የሚሆነው ይኸው ነው። ኒውትሮፊሎች ባክቴሪያ የሚገድሉባቸው ኬሚካሎች የሳንባንም ሥጋ ይጎዳሉ፤ የላላው የደም ሥር ፈሳሽ ያሾልካል፤ አየር ሊገባበት የሚገባው ከረጢት በፈሳሽና በመግል ይሞላል። ስለዚህ ሰውነት ኢንተርሉኪን-10ን የመሳሰሉ የሚያበርዱ መልእክተኞችንም አብሮ ያመርታል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የዚህን ሚዛን ሁለቱንም ወገን አሳይተዋል። በኒሞኮከስ የሳንባ ምች የተያዙ አይጦች ቲኤንኤፍ በፀረ እንግዳ አካል ሲታፈንባቸው ባክቴሪያው በሳንባቸው ውስጥ ተባዛ፤ ቶሎም ሞቱ። ኢንተርሉኪን-10 የታፈነባቸው አይጦች ደግሞ ባክቴሪያውን በተሻለ ሁኔታ አጸዱ። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ የሚያስብ ሰው መልእክተኞቹን ማጠንከር ይበጃል ይል ይሆናል። ጂ-ሲኤስኤፍን ለሳንባ ምች ሕመምተኞች በመርፌ የሰጡ ሐኪሞች ያሰቡት ይህንኑ ነበር፤ የነጭ ደም ሴል ቁጥር ጨመረ፣ የሞት መጠን ግን አልቀነሰም።

በሰው ላይ ከተገኙት ማስረጃዎች አንዱና በጣም ግልጹ የተገኘው ከአገራችን ነው፤ በሳንባ ምች ላይ ሳይሆን በቅማል በሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ላይ። ይህ በሽታ የደጋና የብርድ አገር በሽታ ነው። ልብስ በተደራረበበት፣ ውኃ በራቀበት፣ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ይነሣል፤ የቆሎ ተማሪዎችን፣ የጎዳና ተዳዳሪዎችንና በመጠለያ የተጨናነቁ ሰዎችን ያጠቃል። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ሲሰጥ ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ ይረግፋል፤ ከዚያ ግን ሕመምተኛው በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይይዘዋል፤ ትኩሳቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዱ በዚያው ያልፋል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ገድሎ ሳለ ሰው መሞቱ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በጋራ በኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ላይ የሠሩት ጥናት በዚያው የመንቀጥቀጥ ሰዓት ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8 በደም ውስጥ ድንገት እንደሚያሻቅቡ አሳየ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደ፣ ፕሮፌሰር ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ያሳተሙት የአዲስ አበባ ሙከራ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። 49 ሕመምተኞች ነበሩ። ፔኒሲሊን ከመወጋታቸው በፊት 20ዎቹ ቲኤንኤፍን የሚያፍን፣ ከበግ ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ተሰጣቸው፤ 29ኙ አልተሰጣቸውም። ካልተሰጣቸው 26ቱ ያ አስፈሪ መንቀጥቀጥ ያዛቸው፤ ከተሰጣቸው ደግሞ 10ሩን ብቻ። በተሰጣቸው ላይ ኢንተርሉኪን-6 እና 8ም ዝቅ ብለው ተገኙ። እኔ ይህን ጥናት በኢትዮጵያ ከተሠሩት የሕክምና ሙከራዎች መካከል ከፍ ያለ ቦታ እሰጠዋለሁ። አንድ መልእክተኛ ሞለኪውል ሲታፈን የሰው ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ እንደሚለወጥ በሕመምተኛ ላይ በቀጥታ ያሳየ ሥራ በዓለምም ብዙ አልነበረምና። ሙከራው የተሳካበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ ሐኪሞቹ መልእክተኞቹ የሚነሡበትን ሰዓት አስቀድመው ያውቁት ነበር። ፔኒሲሊኑ ከመወጋቱ በፊት ፀረ እንግዳ አካሉ በደም ውስጥ ይጠብቅ ነበር።

ይህን ዕድል የሳንባ ምች አይሰጥም። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ማዕበሉ የተነሣው ከቀናት በፊት ነው። በዚያው በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ደም መመረዝ የደረሰባቸውን ሰዎች ቲኤንኤፍን በማፈን ለማዳን የተደረገው ጥረት የከሸፈው በአብዛኛው በዚህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ሙከራ 141 ሰዎችን አካትቶ ነበር፤ መድኃኒቱን ካላገኙት 30 በመቶው ሲሞቱ፣ ከፍተኛውን መጠን ካገኙት 53 በመቶው ሞቱ። ከዚያ በኋላ እነዚህ መድኃኒቶች ለመገጣጠሚያ ሕመም ውለው ትልቅ ጥቅም ሰጡ፤ ነገር ግን የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ በተጠቃሚዎቹ ላይ መቀስቀሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተገለጠ። የሳንባ ነቀርሳ በየቤቱ ባለበት አገር ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

አንድን መልእክተኛ ነጥሎ ከማፈን ይልቅ መላውን እብጠት በመጠኑ የሚያበርደው አሮጌውና ርካሹ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴክሳሜታሶን ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን የኮቪድ ሕመምተኞች ሞት እንደሚቀንስ ታወቀ፤ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀመም። እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይ ውስጥ በ800 የጽኑ ሳንባ ምች ሕመምተኞች ላይ የተሠራው ሙከራ ሃይድሮኮርቲሶን የተሰጣቸው በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 6.2 በመቶ፣ ያልተሰጣቸው 11.9 በመቶ መሆኑን አሳየ። ፈረንሳይ ከላስታ ሩቅ ናት፤ ሕመምተኞቹ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ማሽንና ሌት ተቀን የምትጠብቃቸው ነርስ ነበሯቸው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2025 ከኬንያ የወጣው የስቴሮይድ ሙከራ ነው። በ18 የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ ከ2,000 በላይ አዋቂ ሕመምተኞች ላይ፣ ያለ ብዙ መሣሪያ ተሠራ፤ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ26 በመቶ ወደ 23 በመቶ ገደማ ወረዱ። ጥቅሙ ከፈረንሳዩ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ወለሉ በተጨናነቀ፣ ምርመራው ባነሰ የአፍሪካ ሆስፒታል ውስጥ የተገኘ ጥቅም ነው።

ይህ ስቴሮይድን ለሳለ ሁሉ ማደልን የሚደግፍ ማስረጃ እንዳይመስል እፈራለሁ። ጥናቶቹ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ የተጠቀመው በሽታው ሆስፒታል እስከ መተኛት ያደረሰው አዋቂ ነው። በመጀመሪያው ቀን ላይ ያለ፣ ማክሮፌጁ ገና ኡኡ እያለ ያለ ሰው ላይ ጩኸቱን ማፈን አይጦቹ ላይ የሆነውን መድገም ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ በከተማዎቻችን የተለመደ መሆኑ ያሳስበኛል።

ባክቴሪያ እየገደለ እብጠትንም የሚያበርድ መድኃኒት ቢገኝስ? ማክሮላይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ አዚትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን፣ ይህ ጠባይ አላቸው፤ ኢንተርሉኪን-8ን እንደሚቀንሱ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በግሪክ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሙከራ በተለመደው አንቲባዮቲክ ላይ ክላሪትሮማይሲን ሲጨመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሻላቸው ሰዎች ከ38 ወደ 68 በመቶ ማደጋቸውን ዘግቧል። አማራ ክልልም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ለትራኮማ ተብሎ አዚትሮማይሲን በጅምላ ሲታደል ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው ልጆች የሞት ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሶ መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት አሳየ፤ ኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ የተሠራው ትልቅ ሙከራም በትናንሽ ሕፃናት ላይ የ13.5 በመቶ ቅነሳ አገኘ። ልጆቹን ያዳናቸው በአብዛኛው የመድኃኒቱ ባክቴሪያ ገዳይነት እንደሚሆን እገምታለሁ። ሁሉንም በእብጠት ማብረድ ላይ መጫን ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ወደ ላስታ የሚያቀርበን ግን ከፍታው ነው። በ2,500 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት የኦክስጅን እጥረትን የሚያውቅበት ሂፍ-1 የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ይህን አሠራር ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። የሚያስደንቀው ሂፍ-1 የእብጠትም መቀስቀሻ መሆኑ ነው። ማክሮፌጅ ውስጥ ሲነቃ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ በብዛት እንዲመረት ያደርጋል፤ ኒውትሮፊል ውስጥ ሲነቃ የሴሉን ዕድሜ ያራዝማል። የኦክስጅን እጥረትና የባክቴሪያ መምጣት በሰውነት ውስጥ በአንድ በር ይገባሉ ማለት ነው። በሳንባ ምች የታመመ ሰው ኦክስጅን ሲሰጠው እስትንፋሱ ብቻ አይደገፍም፤ እብጠትን የሚያባብስ አንድ ምልክትም ይቀነስለታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአይጥ ጥናት ይህን በጥልቀት አየው። ድንገት ዝቅተኛ ኦክስጅን ውስጥ ገብተው በኒሞኮከስ የተያዙ አይጦች ኒውትሮፊሎቻቸው ስኳራቸውን ሁሉ አቃጥለው ጨረሱት፤ ሰውነታቸው ቀዘቀዘ፤ ልባቸው ደከመ፤ ሞቱ። ከበሽታው በፊት ለረዘም ያለ ጊዜ ዝቅተኛ ኦክስጅንን የለመዱት ግን ከዚህ ዳኑ፤ የሂፍ ምልክታቸውና የነጭ ደም ሴሎቻቸው ፍጆታ ረግቶ ነበር። ተመሳሳዩ ባክቴሪያ፣ ተመሳሳዩ ቀጭን አየር፣ ሁለት የተለያየ ፍጻሜ፤ ልዩነቱ ለአየሩ እንግዳ መሆንና ነዋሪ መሆን ብቻ።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ የሰሜን ተራሮች ሰው ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት በሰሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደም ኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ገደማ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ጠረፍ እንዳለ ሰው ሆኖ አገኘች። የአንዲስ ነዋሪዎች ደማቸው ወፍሯል፤ የቲቤት ነዋሪዎች ሙሌታቸው ዝቅ ብሏል፤ የኛ ደገኛ ግን ሁለቱንም አላሳየም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የዘር ጥናቶችም በኢትዮጵያ ደገኞች ላይ ከሂፍ መንገድ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች የተፈጥሮ ምርጫ ዱካ እንዳለባቸው ጠቁመዋል። ላስታ የዚያው ደጋ አካል ነው። ከአይጥ ወደ ሰው መዝለል ቸኩሎ መፍረድ ይሆናል፤ ነገር ግን ከቆላ ተነሥቶ በገና ሰሞን ላሊበላ የደረሰ ምእመንና እዚያው ተወልዶ ያደገ ገበሬ በአንድ ባክቴሪያ ቢያዙ ሰውነታቸው እኩል ይቆጣል ብዬ አላምንም። ሐኪሙ ‘ከየት መጣህ? መቼ ደረስክ?’ ብሎ ቢጠይቅ ለሕክምናው የሚጠቅም ነገር የሚያገኝ ይመስለኛል።

ስለ ጭስ ያለው ማስረጃ ተስፋ ከተደረገበት ያነሰ ነው። ማላዊ ውስጥ የማገዶ ጭስ ከሚተነፍሱ ሰዎች ሳንባ የተወሰዱ ማክሮፌጆች በጥላሸት ተሞልተው ታይተዋል፤ የመልእክተኛ አመራረታቸውም ተለውጧል። ምድጃውን መለወጥ ልጆችን ከሳንባ ምች ያድናል ተብሎ ግን በተደጋጋሚ ሲሞከር ውጤቱ አጥጋቢ አልሆነም። ጓቲማላ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ጽኑውን በሽታ በተወሰነ ደረጃ ቀነሰ፤ ማላዊ ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተው ሙከራ ምንም ለውጥ አላገኘም። በአማራ ክልል በሜጫ ከ5,000 በላይ ልጆች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሙከራም እንዲሁ። ምክንያቱ ይገባኛል፦ እንጀራው በተሻለ ምድጃ ቢጋገርም ወጡና ቡናው፣ የሌሊቱም ሙቀት፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ሳንባ ጭሱን የሚቆጥረው ከየትኛው ምድጃ እንደመጣ ለይቶ አይደለም። ጭሱን መቀነስ ለእናት ዓይንና ለአሮጊት ሳንባ ሲባል መቀጠል አለበት፤ ለሕፃን ሳንባ ምች ብቻ ብሎ ተስፋ መስጠት ግን ልክ አይደለም።

ረኃብ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ሰሜን ወሎ የ1966ንና የ1977ን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች አገር ነው። ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ሰውነት መልእክተኞቹን ለማምረት አቅም ያጣል፤ ስለዚህ ሳንባው በመግል ተሞልቶ እንኳ ላይተኩስ፣ ትንፋሹም ላይፈጥን ይችላል። እናት ‘አይተኩስም’ ስትል እውነቷን ነው፤ ያ አለመተኮስ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው። በዚህ ምክንያት ነው በከፋ የምግብ እጥረት ለተያዘ ልጅ ምልክት ሳይጠበቅ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው። ስለ ሆድ ትሎች በአጭሩ ልበል፤ የሚያበርዱ መልእክተኞችን እንደሚያበዙ ይታመናል፤ ጎንደር ላይ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አልቤንዳዞል ተሰጥቷቸው ኢኦሲኖፊል የተባሉት ሴሎቻቸው ቢቀንሱም በበሽታው መሻሻል ላይ ጉልህ ልዩነት አልመጣም።

ቫይረስ መንገዱን ሲጠርግስ? በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠፋው የኅዳር በሽታ፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው የታመሙበት፣ በከተማዋ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። የዚያ ወረርሽኝ ዘመን የ58 አሜሪካውያን ወታደሮች የሳንባ ናሙና እ.ኤ.አ. በ2008 እንደገና ሲመረመር አብዛኞቹ የሞቱት ከቫይረሱ በኋላ በመጣ የባክቴሪያ ሳንባ ምች እንደሆነ ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰውነት ኢንፍሉዌንዛን ለማሸነፍ የሚያመርተው ኢንተርፌሮን-ጋማ ማክሮፌጆች ባክቴሪያ የመዋጥ ችሎታቸውን እንደሚቀንስ በአይጦች አሳየ። አንዱን ጠላት የጣለው መልእክት ለሌላው በር ከፈተ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ላስታ ላይ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም በእሱ ነው። ልጁ መጀመሪያ ሲያስል ብርድ መታው ይባላል። ዳማከሴ ታሽቶ ይጠጣል፤ ነጭ ሽንኩርትና ማር ይሰጠዋል፤ ጠበል ይረጫል። ይህ በራሱ ልጁን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ቀኑ መሄዱ ነው። ከዚህ የከፋው ‘እንጥሉ ወርዶ ነው’ ተብሎ በምላጭ መቆረጡ ነው፤ ደም ያፈስሳል፣ ሌላ ባክቴሪያ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር ደረጃ የሳንባ ሕመም ምልክት ከታየባቸው ሕፃናት ሕክምና የተፈለገላቸው ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ጤና ኬላ የደረሰ ልጅ ምን እንደሚደረግለት በቅርብ ማየት ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እናትየዋን በርጩማ ላይ ታስቀምጣለች፤ ልጁ ጡት እንዲይዝና እንዲረጋጋ ትጠብቃለች፤ ልብሱን እስከ ደረቱ ገልጣ ሰዓቷን እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የታችኛው ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነ ታያለች። ካለቀሰ እንደገና ትቆጥራለች። ከዚያ የሚሟሟውን አሞክሳሲሊን በንጹሕ ማንኪያ አሟሙታ የመጀመሪያውን እዚያው ታስውጠዋለች፤ ከ2 ወር በታች ያለውንና የጠናበትን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ያ አንድ ማንኪያ ሳይቶካይኖቹ ገና እየጠቀሙ ሳለ የሚደርስ እርዳታ ነው፤ ባክቴሪያው ሲቀንስ ጩኸቱ በራሱ ይበርዳል። ፈረንሳይ ውስጥ በሃይድሮኮርቲሶን ሊያበርዱት የሞከሩት ማዕበል ብዙ ጊዜ ከመነሣቱ በፊት የሚቆመው እዚህ ነው።

ከዚያም ቀድሞ ክትባቱ አለ። ሄሞፊለስ የተባለውን ሌላውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ መደበኛው ፕሮግራም ገብተዋል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣሉ። የተከተበ ልጅ ፀረ እንግዳ አካሉ ባክቴሪያውን ለማክሮፌጁ ለይቶ ስለሚያሳየው ብዙ መልእክተኛ ሳይጠራ ነገሩ ያልቃል። ይሁን እንጂ ክትባት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ መብራት ይፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ላሊበላም ለወራት ያለ መብራት ቆየች። ኦክስጅን የሚያመርተውም ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው። ለወራት መብራት የጠፋበት አገር ስለ ሳይቶካይን ሕክምና ከማውራቱ በፊት መልሶ የሚያቋቁመው ብዙ ነገር አለው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ዳሰሳው ሙሉ አይሆንም።

ኦክስጅኑ በተገኘበት ቦታ አሰጣጡም ለውጥ ያመጣል። በ12 የኢትዮጵያ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሙከራ በውኃ ጠርሙስና በቱቦ የሚሠራው፣ ሳንባን በግፊት ክፍት የሚያቆየው ቀላል መሣሪያ፣ ከተለመደው ዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ይልቅ በጽኑ ሳንባ ምች በታመሙ ልጆች ላይ የሕክምና ውድቀትን በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በስቴሮይድና በማክሮላይድ ከመከራከራችን በፊት የላስታ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎች ይህን ሊይዙ ይገባል እላለሁ።

ለማን ኦክስጅን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ግን ላሊበላ ላይ ልዩ መልክ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት መስፈርት ሙሌቱ ከ90 በመቶ በታች የሆነ ልጅ ኦክስጅን ይሰጠው ይላል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን መነሻው ወደ 87 ይወርዳል። ይህ የከፍታ መስመር የሚያልፈው በከተማዋ አካባቢ ነው፤ ከሆስፒታሉ በታች ካለ ቀበሌ የመጣ ልጅና ከአቡነ ዮሴፍ ጎን የወረደ ልጅ በአንድ አልጋ ክፍል ውስጥ በሁለት መለኪያ ሊዳኙ ነው። መለኪያው የተወሰደው ደግሞ በአብዛኛው ከሌሎች አገሮች ደገኞች ነው፤ የኛ ደገኛ ሙሌቱ ከእነሱ ከፍ ሊል እንደሚችል የሰሜን ጥናት አሳይቷል። እንደዚያ ከሆነ 88 በመቶ ለላስታ ልጅ ደህና ሳይሆን ከባድ ሕመም ነው። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይዞ በክትባት ቀን ጤነኛ ሕፃናትን በየቀበሌው ከፍታ መለካት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ክትባት የሚሰጡት ባለሙያዎች ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ከሆስፒታሉ ደግሞ የታመሙት ልጆች የደም ናሙና ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሥጋ ደዌ ጥናት ተቋቁሞ የሰውነት መከላከያን ሲያጠና የኖረው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ኢንተርሉኪን-6ን ሊለካበት ይችላል። በእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ላይም የተወለደበት ቀበሌ፣ ላሊበላ የደረሰበት ቀን፣ ትኩሳቱ የጀመረበት ሰዓትና የመጀመሪያው አሞክሳሲሊን የተዋጠበት ሰዓት ይጻፍ።